እሳት ቤት በወሰደበት ሸለቆ

«ፎጎ» በፖርቱጋልኛ እሳት ማለት ነው። በዚህ ስም የምትጠራው ደሴት ከኬፕ ቨርድ አሥር ደሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ከሴኔጋል ጠረፍ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። ደሴቷ ራሷ ከባሕር ወለል ተነሥታ የወጣች አንዲት እሳተ ገሞራ ናት። እኔን ወደዚያ የሳበኝ ግን ተራራው ብቻ አልነበረም። እሳት ከሚተፋ ተራራ ሥር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ቤተሰቦች መኖራቸውን ስሰማ ለማየት ጓጓሁ።

ከሳዎ ፊሊፔ ከተማ የተነሣችው ሚኒባስ ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሳ ሻ ዳስ ካልዴይራስ ወደሚባለው ሸለቆ ስትገባ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ጎድጓዳ ሜዳ፣ በምሥራቅ በኩል ብቻ ወደ ባሕሩ ክፍት ነው። በቀረው ዙሪያው እስከ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ የሚደርስ ገደል እንደ ግንብ ቆሟል። መሬቱ ጥቁር ነው። ወንዝ የለም፤ ሰዉ የሚጠጣው በማጠራቀሚያ የያዘውን የዝናብ ውኃ ነው።

በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአስጎብኚዬ ጋር ፒኮ ዶ ፎጎን መውጣት ጀመርን። የተራራው ከፍታ 2,829 ሜትር ሲሆን፣ ከሸለቆው ወለል ተነሥተን ከ1,000 ሜትር በላይ መውጣት ነበረብን። አመዱ ሁለት እርምጃ ስንሄድ አንዱን መልሶ ይወስድብናል። አራት ሰዓት ፈጀብን። ጫፉ ላይ የድኝ ሽታ ያፍናል። መውረዱ ግን ጨዋታ ነው፤ ተረከዝን አመዱ ውስጥ እየሰኩ እንደ ሕፃን እየሮጡ መንሸራተት ብቻ!

ወደ ታች ስንወርድ አስጎብኚዬ በእጁ ያሳየኝ ጥቁር የድንጋይ ክምር ነበር። ከሥሩ ፖርቴላና ባንጋይራ የተባሉት መንደሮች አሉ። እሳተ ገሞራው በ1995 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ ነበር። ኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲፈነዳ፣ ቅልጥ አለቱ ለሳምንታት ቀስ እያለ መጥቶ ሁለቱንም መንደሮች ዋጠ። መኖሪያ ቤቶቹን፣ ትምህርት ቤቱንና አዲሱን የፓርክ ሕንፃ ወሰደ። ሰዎቹ በሮችና መስኮቶችን ሳይቀር ነቅለው ሸሹ።

ከሸለቆው ውጪ መጠለያ ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ፤ በቀዘቀዘው ድንጋይ ላይም አዲስ ቤት ሠሩ። ያደርኩበት ቤት እናት በአስጎብኚዬ አስተርጓሚነት ሲነግሩኝ፣ የቤታቸው ወለል ለረጅም ጊዜ ይሞቅ ነበር። «ለምን ተመለሱ?» አልኳቸው። በእጃቸው ወደ ወይናቸው አመለከቱኝ። «እዚያ ቤት ሰጡን፤ የምናርሰው ግን አልነበረም። ልጅ በቤት ብቻ አያድግም» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ሰዎቹን ያሳደዳቸው ተራራ መጋቢያቸውም ነው። ወይኑ የሚተከለው አመዱ ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ሲሆን፣ ያለ መስኖ ይበቅላል፤ አመዱ ጥቂቷን እርጥበት ይዞ ያቆይለታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደሴቷ የመጣ አርማን ዴ ሞንትሮን የተባለ ፈረንሳዊ ወይን እንዳስለመደ ይነገራል፤ የቤተሰቡን ስም የሚይዙ ሰዎች ዛሬም በሸለቆው አሉ። ደሴቷ ቡናም ታመርታለች። ዝርያው ከእኛው አገር የመነጨው አረቢካ ነው፤ እሱን እየጠጣሁ እንግድነቴን ለጊዜው ረሳሁት።

ከቤተሰብዎ ጋር ለመሄድ ካሰቡ፣ ተራራውን ያለ አስጎብኚ አይሞክሩ። ጠንካራ ጫማ፣ በቂ ውኃና የሌሊቱን ብርድ የሚከላከል ጃኬት ይያዙ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ጫፉን ትተው በሸለቆው ውስጥ መንሸራሸር ይበቃቸዋል። ማደሪያዎን ከነዋሪዎቹ ቤት ያድርጉ፤ የሚከፍሉት ገንዘብ ሌላ ጊዜ እሳት ሊወስደው የሚችለውን ቤት ዛሬ ያቆማል።