ዘር፣ አስተዳደግና የልጅ አስቸጋሪነት

ልጅ ሲደባደብ ወይም አልታዘዝ ሲል አንዱ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ ሌላው «አስተዳደግ የበደለው» ብሎ ይፈርዳል። ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ሁለቱንም ፍርድ ያናጋል።

በኒውዚላንድ ደኒዲን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና ክትትል ተደርጎላቸዋል። በ2002 አቭሻሎም ካስፒ፣ ቴሪ ሞፊትና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ መካከል 442 ወንዶችን መረመሩ። ትኩረታቸው ኤምኤኦኤ የተባለው ዘረመል ላይ ነበር፤ የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚመረተው በእሱ ትእዛዝ ነው። ኢንዛይሙ የሚያንሳቸውና በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው ወንዶች ሲያድጉ ለጠብና ለወንጀል ይበልጥ የተጋለጡ ሆኑ። ያው የዘረመል ዓይነት ኖሯቸው በደኅና ያደጉት ግን ከእኩዮቻቸው እምብዛም አይለዩም።

ከዚያ ወዲህ አንድን ዘረመል ነጥሎ መመርመር ብዙ ትችት ገጥሞታል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ባሕርይ የሚወረሰው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ እጅግ ብዙ የዘረመል ልዩነቶች በኩል ነው።

ልጁም በተራው አሳዳጊውን ይለውጣል። በ1998 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት እንዳሳየው፣ ከወላጅ እናታቸው ለአስቸጋሪ ባሕርይ ተጋላጭነት የወረሱ ልጆች ከጉዲፈቻ ወላጆቻቸው የሚደርስባቸው ቁጣና ቁጥጥር ከሌሎቹ ይበዛል። ወላጆቹ በሥጋ አይዛመዷቸውም፤ ቁጣውን የሚቀሰቅሰው በከፊል የልጁ ጠባይ ነው። ደክሟት ልጇን ለምትቆጣ እናት ይህን ማወቅ ትልቅ እፎይታ ይመስለኛል።

አስተዳደግ ግን የወላጅ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሕፃናት ማቆያም አሜሪካ ውስጥ በ1991 የተጀመረና ከ1,300 በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት አለ። በማቆያ ረጅም ሰዓት የዋሉት በመጠኑ ይበልጥ ይጋጫሉ፣ ያምፃሉ፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው።

አንድ ዘረመል ብቻ ነጥሎ ቢመረምርም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ በ2008 የታተመው የሆላንድ ሙከራ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆናቸው አስቸጋሪ ልጆች ያሏቸው እናቶች በዕጣ ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ባለሙያ ቤት ድረስ እየሄደች እናትና ልጅን በቪዲዮ ትቀርጻለች፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ፊልሙን እያስቆመች ልጁ ምን እንደፈለገ ታሳያታለች፣ መልካም ሲሠራ ማመስገንን፣ ሲያጠፋም ሳይጮኹ መገሠጽን ታለማምዳታለች። ይበልጥ የተሻሻሉት ዶፓሚን ከተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ጋር የተያያዘው ዲአርዲ4 ዘረመል ረጅሙ ዓይነት ያላቸው ልጆች ናቸው፤ ቀደም ሲል የአስቸጋሪነት ምልክት ተደርጎ ይታይ የነበረው ያው ዓይነት። ከእነሱም መካከል ለውጡ የጎላው እናቶቻቸው የአገሣሠጽ ልማዳቸውን ይበልጥ በለወጡት ላይ ነበር።