ሳይለኩ ሞተር አይፍቱ

ደንበኛ መኪናውን ይዞ ሲመጣ «ሞተሩ ያንኳኳል» ይላል። መቼ? ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ? ፍሪሲዮን ሲረገጥስ ይለወጣል? ሜሪላንድ በሚገኘው ጋራዣችን አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሲመጣ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ይህን እጠይቃለሁ። ያለ እነዚህ መልሶች የሚጀመር ፍተሻ ግምት ነው።

ድምፆቹ እንደየምንጫቸው ይለያያሉ። የቫልቭ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ካም ሻፍት ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ስለሚዞር ከሞተሩ ዙር በግማሽ ፍጥነት ይሰማል። በሲሊንደሩ ውስጥ የላላ ፒስቶን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያንኳኳና ሲሞቅ ዝም ይላል። የቤላ ብሮንዝ ከተበላ ድምፁ ወፍራም ነው፤ የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ እሳት ሲቋረጥበት የፍንዳታው ጫና ስለሚነሳለት ይለዝባል። ከጭስ ማውጫ ጋስኬት የሚያፈተልክ ጋዝ ደግሞ የቫልቭ ድምፅ እየመሰለ ብዙ ባለሙያ ያሳስታል።

በቅርቡ አንድ በዕድሜ የገፉ ወገናችን ትራያምፍ ቲአር6 ይዘው መጡ። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1976 በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ የተሠራች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር ያላት ናት፤ አብዛኞቹም የተሸጡት እዚሁ አሜሪካ ነው። ሌላ ጋራዥ «ቤላው አልቋል፣ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» ብሏቸዋል። የጠየቃቸው ገንዘብም ቀላል አይደለም።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን እስቲ ይርገጡት» አልኳቸው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ነው። ሲረግጡት ድምፁ ጠፋ፤ ሲለቁት ተመለሰ። የካንዴላዎቹን እሳት በየተራ ባቋርጥም ድምፁ ያው ነው። ቤላ እንዲህ አያደርግም። በዚህ ሞተር ላይ ማራገቢያው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በጎማ ቡሽ የታሰረ ስለሆነ፣ ቡሹ ሲያረጅ እሱም ያንኳኳል፤ ሞተሩን አጥፍቼ በእጄ ወዘወዝኩት፤ ጠንካራ ነው።

ከዚያ ፊት ለፊት ጎንበስ ብዬ የክራንክ ሻፍቱን ፑሊ እያየሁ ፔዳሉን አስረገጥኩ። ፑሊው ወደ እኔ መጣ። በዓይን የሚታይ ነበር። የመለኪያ ሰዓቱን ገጥሜ ስለካው 1.1 ሚሊሜትር ሆነ። የሚፈቀደው ከ0.15 እስከ 0.20 ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኩሽኔታው ክራንክ ሻፍቱን በሙሉ ወደ ፊት ይገፋዋል። ክራንክ ሻፍቱን በቦታው የሚይዙት በመጨረሻው ዋና ብሮንዝ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ሮንዴላዎች ናቸው። ሮንዴላዎቹ እየሳሱ ሲሄዱ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መላወስ ይጀምራል። ብዙ ሲሳሱ ደግሞ ከቦታቸው ወጥተው ዘይት ገንዳው ውስጥ ይወድቃሉ። ያኔ ክራንክ ሻፍቱ የሚፋተገው ከብሎኩ ብረት ጋር ነው፤ የተበላ ብሎክ ደግሞ በሮንዴላ አይመለስም። መኪናዋ የተገጣጠመችበት የኮቨንትሪው የካንሊ ፋብሪካ መኪና መገጣጠም ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1980 ስለሆነ ባለቤቱ ከሌላ የሞተች መኪና ብሎክ ፍለጋ ይገባል።

የጋሼ ሮንዴላዎች ሳስተዋል እንጂ አልወደቁም ነበር። ሞተሩ ከቦታው ሳይነሳ ዘይት ገንዳውንና የኋላውን የብሮንዝ ክዳን ከሥር ፈትተን ወፈር ያሉ ሮንዴላዎች ገጠምን። ልኬቱ 0.17 ሆነ፤ ድምፁም ጠፋ። ቤላዎቹን አልነካናቸውም።

ድምፅ በሰማን ቁጥር ወፍራም ዘይትና ማለዘቢያ መጨመር ግን ይቅር። ድምፁን ያፍነዋል፤ የተበላውን ብረት አይመልሰውም። ያ ድምፅ ለባለቤቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያው ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ፔዳሉን ልቀቁት፤ ሮንዴላውን ቶሎ የሚበላው ረግጦ መጠበቅ ነው። አልፎ አልፎም ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ፑሊውን ተመልከቱት። በዓይን በሚታይ መጠን ወደ ፊት ከመጣ መኪናዋን እየነዳችሁ ሳይሆን አስጭናችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዷት።