«ሜክ አፕ ፎር»፦ ማካካስ በእንግሊዝኛ

«ሜክ አፕ ፎር» የጎደለን፣ ያመለጠን ወይም የተበላሸን ነገር በሌላ መልካም ነገር ማካካስን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጥምር ግስ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ መፍታት አይጠቅምም፤ ትርጉሙ የሚገኘው ከጥምረታቸው ነው።

አካካሹ የግድ ሰው አይደለም። ያረፈደ ሠራተኛ አምሽቶ በመሥራት የጎደለውን ሰዓት ያካክሳል፤ የምግብ ጥፍጥናም የአስተናጋጁን መዘግየት ያስረሳል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ይኸው ነው። በብዛት የሚሰማው «ሜክ አፕ ፎር ሎስት ታይም» ማለትም የባከነን ጊዜ ማካካስ ነው። ይህ የእግር ኳስ ዘጋቢዎች «የባከነ ሰዓት» ከሚሉት ይለያል፤ እዚያ ዳኛው ደቂቃ ይጨምራል፣ እዚህ ግን ጨማሪ ስለሌለ ባለጉዳዩ ራሱ ይፈጥናል። ለዓመታት ተጠፋፍተው የተገናኙ ወዳጆች በጨዋታ ሲያነጉም እንዲሁ ይባልላቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪን በብዛት የምታሳስተው «ፎር» ናት። «ስህተቱን አካካሰ» ሲባል «ን» ብቻዋን ስለምትበቃ፣ እንግሊዝኛው ላይ «ፎር» ትረሳለች። ያኔ ትርጉሙ ይለወጣል፦ «ሜክ አፕ» ብቻውን ሰበብ ወይም ወሬ መፍጠር፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ ስም ሲሆን ደግሞ የፊት መዋቢያ ነው። ያመለጠን ፈተና ወይም የባከነን ሰዓት በተመለከተ ግን ያለ «ፎር»ም ይነገራል፤ በተለይ የአሜሪካ ተማሪዎች ፈተናውን «ሜክ አፕ» ያደርጋሉ። ከ«ፎር» ቀጥሎ ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ይገባል፤ ኃላፊ ጊዜው «ሜድ አፕ ፎር» ነው።

የሚካሰው ሰው ሲሆን አሰካኩ ይለወጣል። አማርኛ ጉድለትን «ያካክሳል»፣ የተበደለን ሰው ግን «ይክሳል»፤ እንግሊዝኛም ለጉድለቱ «ፎር»ን፣ ለተበዳዩ «ቱ»ን ያመጣል። የልደት ቀኗን የረሳባትን ሚስቱን «እክስሻለሁ» የሚል ባል «አይል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ይላል። እዚህ ላይ «ኢት» ብትቀር ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል።

ሌላው የተለመደ አሰካክ የአንዱን ጉድለት ከሌላ ብርታቱ ጋር ያነጻጽራል፦ «ዋት ሂ ላክስ ኢን ሃይት፣ ሂ ሜክስ አፕ ፎር ኢን ስፒድ»፤ ቁመቱ ቢያጥርም ፍጥነቱ ያካክስለታል። «ሞር ዛን» ሲታከልበት ትርፉ ከጉድለቱ በለጠ ማለት ነው።

ግሱ የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ፍርድ ቤት ስለሚወስነው ወይም መድን ድርጅት ስለሚከፍለው ካሳ ሲጻፍ «ኮምፐንሴት» ይመረጣል።