ፓራታይሮይድ ፍለጋ፦ ከቢላ ወደ ምስል

አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለአንድ ዕጢ ሲባል ሰባት ጊዜ ቢላ አርፎበታል። አጥንቱ ሳስቶ ቁመቱ አጥሮ ነበር። ሐኪሞቹ ችግሩ ከልክ በላይ ሆርሞን ከሚያመነጭ ፓራታይሮይድ ዕጢ መሆኑን ቢያውቁም ቦታውን አላወቁም። አንገቱን ደጋግመው በረበሩ፤ በሰባተኛው ደረቱ ውስጥ አገኙት። ካፒቴኑ ግን ብዙ አልቆየም።

የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት እነዚህ የአንገት ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ሲሆኑ ጤነኛዋ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። በፅንስ ዕድሜ ሲወርዱ መንገድ ስተው ደረት ውስጥ የሚቀሩም አሉ።

በ1980ዎቹ በራዲዮአክቲቭ ታልየምና ቴክኒሺየም የሚነሱ ምስሎችን አቀናንሶ መፈለግ ተጀመረ፤ ውጤቱ አላረካም። ራሱ የራዲዮሎጂ ሐኪም የነበረው ጆን ዶፕማን፣ መፈለግ ያለበት ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ብቻ ነው ብሎ ቀለደ። እውነትም ነበረው፤ አራቱንም ገልጦ የሚያይ ልምድ ያለው እጅ ከመቶው ከ95 በላይ ያድናል።

ነገሩን የለወጠው ለልብ ምርመራ የተሠራው ሴስታሚቢ የተባለ ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ነው። በ1989 ለፓራታይሮይድ ተሞከረ። ከታይሮይድ ቶሎ ይታጠባል፤ ማይቶኮንድሪያ በበዛበት የታመመ ዕጢ ውስጥ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ዘግይቶ በሚነሳው ምስል ዕጢው ለብቻው ይታያል። ከአሥር ሕመምተኞች በስምንቱ ገደማ የታመመው አንድ ዕጢ ብቻ በመሆኑ፣ ቀዶ ሐኪሞች አንገቱን በሙሉ ከመክፈት በትንሽ ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን መግባት ጀመሩ። ዕጢው ከወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሆርሞኑ ከግማሽ በላይ ሲወርድ ሥራው መጠናቀቁን ይገምታሉ። በእኔ እይታ ምስሉን ተፈላጊ ያደረገው ይህ የቀዶ ሕክምና ለውጥ ነው።

አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፤ ጨረርም የለውም። ነገር ግን ከደረት አጥንት ጀርባ አያይም፤ እንቅርት ያለበት አንገትም ያደናግረዋል። እንቅርት በበዛበት በኢትዮጵያ ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2006 የተዋወቀው ባለ አራት ገጽታ ሲቲ የሚጨምረው ጊዜን ነው፤ ዕጢው በደም ሥር የተሰጠውን ማቅለሚያ ፈጥኖ ስቦ ፈጥኖ ይለቃል። ጨረሩ ግን ከበድ ይላል። የፍሎሮኮሊን ፔት ከሁሉም ትንንሾቹን በማግኘት ይበልጣል፤ ለዚህ መጥቀሙ የታየውም በፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ መሀል በአጋጣሚ ነው። በውስጡ ያለው ራዲዮአክቲቭ ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ግማሹ ስለሚከስም ማምረቻው ሩቅ የሆነበት ሆስፒታል አይጠቀምበትም።

አንዳቸውም ግን በሽታው መኖሩን አያረጋግጡም፤ ያ የካልሲየምና የሆርሞን የደም ምርመራ ሥራ ነው። ደሙ አረጋግጦ ሳለ «ምስሉ ላይ ምንም የለም» ተብለው ከተመለሱ፣ ፓራታይሮይድ አዘውትሮ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይጠይቁ።