«እለፉ» ያለች እጄ

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከገርጂ ወደ ቦሌ አቅጣጫ እያሽከረከርኩ ነበር። መንገዱ መሀሉ ላይ አካፋይ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስኬድ ነው። እኔ በግራው ረድፍ፣ አካፋዩን ተጠግቼ እሄዳለሁ። ከፊቴ ዜብራ አለ። ቀለሙ ግማሹ ለቋል፤ ቢሆንም የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ጋ እንደሚሻገር እናውቃለን።

አካፋዩ ላይ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ቆመዋል። ግማሹን መንገድ ተሻግረው ሌላውን ግማሽ እየጠበቁ ነው። ስንት መኪና አልፏቸው እንደሆነ እንጃ። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። አዩኝ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም። እጄን በመስኮት አወጣሁና «እለፉ አባባ» አልኳቸው። ከዘራቸውን ከፍ አድርገው አመሰገኑኝና ገቡ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቅጽበት በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ከተማ ዜብራ ላይ የሚቆም ሹፌር ስንት አለ?

አባባ የመኪናዬን አፍንጫ አልፈው ወደ ቀኙ ረድፍ ሊገቡ ሲሉ፣ በጎን መስታወት አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሲመጣ አየሁ። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ቦሌ! ቦሌ!» ይላል። ከዜብራው ወዲያ ቆመው የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች ታይተውታል መሰለኝ፣ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ክላክሴን ተጫንኩት። ለሹፌሩ ነበር። አባባ ግን ለእሳቸው መሰላቸው። ደንግጠው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢመለሱ ይተርፉ ነበር። እሳቸው ግን ቆሙ። እዚያው ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቀጥ አሉ።

ሹፌሩ ፍሬን ይዟል፤ ጎማው ሲጮህ ሰምቻለሁ። አባባ ዛሬ በሕይወት ያሉትም ለዚህ ነው። ቢሆንም የሚኒባሱ ጥግ አንድ እግራቸውን መትቶ ጣላቸው። ከዘራው ተሽከርክሮ እኔ ጎማ ሥር ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰው ተሰበሰበ፣ ሹፌሩን ሊደበድቡት የቃጡ ነበሩ፣ «ኧረ ውሃ አምጡ» የሚሉ ነበሩ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ለእኔ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር ያለው። ከመለስኩለት በኋላ «አንተ ትክክል ነህ፤ ምስክር ነህ» አለኝ። የሚኒባሱ ሹፌር ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፦ «እሱ ለምን እንደቆመ በምን አውቃለሁ? መኪናው የተበላሸበት መስሎኝ ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር። ዜብራ ላይ የቆመ መኪና ካየህ ሰው እየተሻገረ ነው ብለህ ነው የምትገምተው እንጂ መኪናው ተበላሽቷል ብለህ አይደለም። ዜብራ ላይ የቆመን መኪና ደርቦ ማለፍ ጥፋት መሆኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተምሯል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠትን በቅጣት ከሚያስጠይቁ ጥፋቶች ውስጥ አስገብቶት ነበር። ልጁ ጥፋተኛ ነው። በዚህ ላይ ዛሬም አቋሜ አልተለወጠም።

ያልተረጋጋሁት በራሴ ነው።

ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ራጅ ሲነሱ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል። ልጃቸው እያለቀሰች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን «ብቻቸውን እንዳይሻገሩ ስንቴ ነግሬያቸው ነበር። ሁልጊዜ መኪና ጭር እስኪል ነው እኮ የሚጠብቁት። ዛሬ ምን አስቸኮላቸው?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። አልተናገርኩም። «እግዜር ያውቃል» አልኩና ብርቱካን ልገዛ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የጽሑፍ ፈተና ታጠና ነበር። ማታ ማታ ቤት እየመጣች ጠይቀኝ ትለኛለች። አንድ ቀን እሷው ጠያቂ ሆነች።

«ጋሼ፣ አደባባይ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው?»

«ለደፈረው» አልኳት።

ሳቀች። ቀልዴን ነው፤ ግን ደግሞ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልትን የዞረ ሰው ሙሉ በሙሉ ቀልድ አለመሆኑን ያውቃል። መልሱ ቀላል ነው። አደባባይ ውስጥ ቀድሞ የገባው ቅድሚያ አለው፤ ገና የሚገባው ደግሞ ከግራው ለሚመጣው ቆሞ ይጠብቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ውስጥ ያለው እየወጣ ካልሄደ ለሚገባው ቦታ አይኖርም። እኛ ግን «ምስኪን፣ ብዙ ቆመ» ብለን አደባባይ ውስጥ ቆመን ከውጪ ያለውን እናስገባለን። ወይም እሱ አፍንጫውን አስገብቶ ያስቆመናል። ያኔ ዙሪያው ይቆለፋል፤ ሁሉም ክላክሱን ይዞ ይጮሃል። በደግነት የተዘጋ አደባባይ እና በጉልበት የተዘጋ አደባባይ ከላይ ሆኖ ለሚያይ አንድ ናቸው።

ልጅቱ ቀጠለች። ወደ ግራ የሚታጠፍ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ለሚመጣው፣ ከግቢ ወይም ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚወጣ ዋናው መንገድ ላይ ላለው፣ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያየ ለሚያቋርጠው ሁሉ፣ ሳይረን ለሚያሰማ አምቡላንስ ሁሉም ዳር ይዞ። (አምቡላንስ ባለፈበት ተከትሎ የሚበር ሰው ግን በየትኛው መጽሐፍ እንደተማረ ንገሩኝ።) ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ በእጁ ቁም ይልሃል። የቱን ትሰማለህ?»

«ፖሊሱን» አልኳት። ይኼን እንኳ አልሳትኩም። ፖሊስ ከመብራት፣ መብራት ከመንገድ ዳር ምልክት ይቀድማል።

እሷ ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጠች፤ እኔ ግን እዚያችው ቀረሁ። መንገድ ላይ ሌላውን የምታዝ እጅ የትራፊክ ፖሊስ እጅ ናት። ፖሊሱ እለፉ ከማለቱ በፊት በሌላኛው እጁ የቀሩትን መኪኖች አስቁሟል። እኔ ያስቆምኩት ማንን ነው? ራሴን ብቻ። አባባ ግን የእኔን እጅ ሲያዩ መንገዱ በሙሉ የቆመላቸው መሰላቸው። የአንድ ረድፍ ፈቃድ ይዤ የሁለት ረድፍ ፈቃድ ሰጠኋቸው።

አንድ ረድፍ ስፋቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በከዘራ የሚሄድ አዛውንት በሰከንድ አንድ ሜትር ቢራመድ፣ ረድፉን ለማቋረጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሦስት ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። እኔ እጄን ሳወዛውዝ ሚኒባሱ ከሰላሳ ሜትር በላይ ከኋላዬ ነበረ ማለት ነው። መስታወቴን ባየው ይታየኝ ነበር። አላየሁም፤ አባባ ሲያመሰግኑኝ እያየሁ ነበር። ደግሞ ዜብራው አፍ ላይ ተጠግቼ ስለቆምኩ መኪናዬ ራሱ ግድግዳ ሆነ። ሹፌሩ አባባን አያያቸውም፣ አባባም ሹፌሩን አያዩትም። ሦስት አራት ሜትር ቀደም ብዬ ብቆም ኖሮ ሁለቱም ይተያዩ ነበር።

ክላክሱስ? ክላክስ በእኛ ከተማ ስንት ትርጉም እንዳለው ቁጠሩ። ሰላምታ ነው፣ ስድብ ነው፣ ልለፍ ነው፣ ታክሲ ላይ ደግሞ ትሄዳለህ ወይ ነው። የፊት መብራት ማብራት ማጥፋትም እንዲሁ። አንዱ «እለፍ፣ ቆሜልሃለሁ» ለማለት ያበራል፤ ሌላው «እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ» ለማለት። ሁለቱ ሰዎች አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተገናኙ ቀን ጋራዥ ነው የሚገናኙት። እግረኛው ደግሞ ይኼን ሁሉ ቋንቋ በአንዴ መተርጎም ይጠበቅበታል።

እግረኛውም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። እኔም መኪናዬን ያቆምኩ ቀን እግረኛ ነኝና አውቀዋለሁ። ቀለበት መንገድ ላይ መሸጋገሪያ ድልድዩ ሃምሳ ሜትር ርቆ እየታየ አጥር የሚዘል አለ። ስልኩን እያየ ዜብራ የሚገባ አለ። ዜብራ ሲገባ ቅድሚያ የእሱ ነው፤ ሆኖም ቅድሚያ ፍሬን አይሆንለትም። ግን ስህተታችን እኩል ዋጋ አያስከፍለንም። እኔ ስሳሳት መከላከያዬ ይጨረገዳል፤ እሱ ሲሳሳት አባባን ይሆናል።

በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው በጄሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ልጃቸው ቡና እያፈላች ነበር። አባባ ስለ አደጋው አላነሱም፤ ያነሱት ስለ ድሮ ነው። በልጅነታቸው መኪና በግራ ነበር የሚሄደው። በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ሲዞር አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። «መሻገር ስፈልግ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ነበር የለመድኩት። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ወደ ግራ እይ ተባልኩ። አንገቴ ብዙ ጊዜ እምቢ አለኝ» ብለው ሳቁ። «አካፋይ ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ላይ ወደ ግራ፣ ግማሹ ላይ ወደ ቀኝ ሆነ። ይኼንንም ለመድኩት።»

«የዚያን ቀንስ ወደ ቀኝ አላዩም ነበር?» አልኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት።

ትንሽ ዝም አሉ። «እኔማ የአንተን እጅ ነው ያየሁት ልጄ።»

ልጃቸው ጀበናውን ይዛ ቀና አለች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያውቁ ኖሯል፤ ለእሷ ግን አልነገሯትም። ያኔ ነገርኳት። የቆምኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ እለፉ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ክላክሱን የነፋሁት እኔ መሆኔን፣ ኮሪደሩ ላይ ስትጠይቀኝ የዋሸኋት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ምንም አላለችኝም። ቡናውን ቀዳች፤ የእኔን ስኒ መጨረሻ ላይ ሰጠችኝ። ስወጣ በር ድረስ አልሸኘችኝም፤ አባባ ግን ከአልጋቸው ሆነው «በደህና ግባ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ።

አሁን ዜብራ ስደርስ ከሩቅ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። የኋላው እንዲገባው ፍሬኑን በስሱ ደጋግሜ እነካለሁ። ከመስመሩ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ መስታወት አያለሁ። እጄ መሪው ላይ ነው። አንዳንድ እግረኞች ቆመው ያዩኛል፤ እለፉ እንድላቸው ይጠብቃሉ። አልልም። ጨዋ ያልሆንኩ ይመስላቸው ይሆናል። ሲቆይባቸው ራሳቸው አንገታቸውን አስግገው አይተው ይገባሉ። ከጎኔ የሚመጣ ካለና ሲገቡ ካየሁ ደግሞ በመዳፌ ቁም ነው የምለው። «እለፍ»ን ብሳሳት ሰው ይሞታል፤ «ቁም»ን ብሳሳት ሰውዬው ሁለት ደቂቃ ይቆማል፣ ቢበዛ ይሰድበኛል።

ባለፈው ሐሙስ በዚያው ዜብራ ሳልፍ አባባን አየኋቸው። ክራንች ይዘዋል፤ አካፋዩ ላይ፣ ያው ቦታቸው ላይ ቆመዋል። ራቅ ብዬ ቆምኩ። መኪናዬን ለዩት መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። እጄ ከመሪው ላይ ልትነሳ ስትል ያዝኳት። አባባ በክራንቻቸው ቀስ ብለው ገቡ፤ የእኔ መኪና ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ቀኝ አንገታቸውን አውጥተው ማየት ጀመሩ። አንድ መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ። አባባ አሁንም እያዩ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን አምባረቀው፤ ከእሱ ኋላ ያለውም ተከተለው። አባባ ዞረው አላዩም።

ሦስተኛው ቆመ። እሱንም ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ተሻገሩ።