ፍራፍሬ ከተለቀመ በኋላ ጥንካሬውንና ትኩስነቱን ጠብቆ ለገበያ ማድረስ

አንድ አርሶ አደር ሙዝ ተክሎ፣ ውኃ አጠጥቶና ኮትኩቶ ዘለላውን እስኪቆርጥ ድረስ አንድ ዓመት ገደማ ይደክማል። ይሁን እንጂ ይህ ድካም የሚገባውን ዋጋ ማግኘቱ ወይም ከንቱ መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ከቆረጣው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ እንደሚባክን አመልክቷል። ፍራፍሬና አትክልት ደግሞ በቶሎ የሚበላሹ በመሆናቸው ለዚህ ብክነት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቋቸው የዘላቂ ልማት ግቦች የድኅረ ምርት ብክነት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲቀንስ ይጠይቃሉ። ብክነቱን ለመቀነስ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት መሠረታዊ ሐቅ፣ የፍራፍሬ ጥራት ከተለቀመ በኋላ ሊጠበቅ እንጂ ሊጨመር የማይችል መሆኑ ነው።

ፍራፍሬ ከእናት ተክሉ ቢለይም ሕይወት አለው። ኦክስጅን እየሳበ፣ በውስጡ ያከማቸውን ስኳር እያቃጠለ ሙቀትና ውኃ ያስወጣል። ይህ አተነፋፈስ በፈጠነ መጠን ዕድሜው ያጥራል። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የአተነፋፈሱ ፍጥነት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያድጋል። በዚህም ምክንያት በቀትር ፀሐይ ላይ የተተወ ምርት በሰዓታት ውስጥ የሚያጣውን ዕድሜ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባም መልሶ አያገኘውም። የውኃ ብክነቱም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ፍራፍሬ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውኃ ሲያጣ መጨማደድና መጠውለግ ይጀምራል፤ በክብደት ለሚሸጥ ምርት ይህ በቀጥታ የገንዘብ ኪሣራ ነው።

የፍሬው ጥንካሬ የሚመነጨው የሕዋሳቱን ግድግዳ እርስ በርስ ከሚያጣብቀው ፔክቲን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። ፍሬው ሲበስል ኢንዛይሞች ፔክቲኑን ስለሚያፈርሱት ሥጋው ይለሰልሳል። እንደ ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ፓፓያ ባሉ ፍራፍሬዎች ይህን ሂደት የሚቀሰቅሰው ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኢታይሊን የተባለ ጋዝ ነው። አንዱ ፍሬ ሲበስል ወይም ሲቆስል የሚለቀው ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ጭምር ያበስላል። ብርቱካን፣ አናናስና ወይን ግን ከተለቀሙ በኋላ ስለማይበስሉ፣ መለቀም ያለባቸው ለምግብነት ሲደርሱ ብቻ ነው።

ይህ ዕውቀት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን ከሚመረቱ ሁለት ፍራፍሬዎች መረዳት ይቻላል። በቆላማው አርባ ምንጭ ዙሪያ የሚመረተው ሙዝ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ለረጅም ዓመታት በተለመደው አሠራር ዘለላው እንዳለ በጭነት መኪና ላይ ይደረደራል፤ መከላከያውም የሙዝ ቅጠል ነው። ከታች ያለው ዘለላ የላይኛውን ክብደት ተሸክሞ በየጉድጓዱ ስለሚናጥ ይቀጠቀጣል። ጥሬ ሳለ የማይታየው ቁስል፣ ሙዙ ሲበስል ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ኪሣራው ቸርቻሪው መደብር ውስጥ ቢታይም የተፈጠረው ግን በጭነቱ ወቅት ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ በኬሮሲን ጢስ የማብሰሉ ልማድም ሙቀቱን ለመቆጣጠር ስለማያስችል ወጥ ያልሆነ ብስለት ያስከትላል። ተመራጩ ዘዴ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በቂ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል በጣም አነስተኛ መጠን ያለው ኢታይሊን መስጠትና ከዚያ በኋላ ክፍሉን ማናፈስ ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋማው ጨንቻ ደግሞ ፖም ይመረታል። ፖም ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፤ በአግባቡም አይበስልም። በተጨማሪም ፖም ብዙ ኢታይሊን ስለሚያመነጭ ከጥሬ ሙዝ ጋር በአንድ ክፍል ቢቀመጥ ሙዙን ያለጊዜው ያበስለዋል። ስለሆነም ለአንድ ዞን አንድ ማቀዝቀዣ መጋዘን ገንብቶ ምርቱን ሁሉ በአንድ ሙቀት ማከማቸት መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ማቀዝቀዣና ኤሌክትሪክ በሌለበትም ብዙ መሥራት ይቻላል። ምርቱን በማለዳ መልቀም፣ ወዲያውኑ ጥላ ሥር ማስቀመጥና በጆንያ ፋንታ ቀዳዳ ባላቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች ማጓጓዝ ቀዳሚዎቹ እርምጃዎች ናቸው። የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቁት ማቆያም በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል እርጥብ አሸዋ በመሙላት የሚሠራ ነው። ከአሸዋው የሚተነው ውኃ ውስጡን ያቀዘቅዛል፤ እርጥበቱንም ይጠብቃል። ዘዴው በደረቅ ወራት ጥሩ ውጤት ሲሰጥ አየሩ እርጥብ በሆነበት በክረምት ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

የመልቀሚያ ጊዜም እኩል ትኩረት ይሻል። አቮካዶ በዛፉ ላይ ሳለ ስለማይለሰልስ መድረሱን በእጅ ዳስሶ ማወቅ አይቻልም። ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ሐስ የተባለው ዝርያ በአብዛኛው የሚለቀመው የደረቅ ይዘቱ ከ21 እስከ 23 በመቶ ሲደርስ ነው። ለዚህም ናሙናውን መዝኖ፣ አድርቆ እንደገና መመዘን በቂ ነው። ያለጊዜው የተለቀመ አቮካዶ ሲቆይ ይጨማደዳል እንጂ በወጉ አይበስልም፤ በባሕር ለሳምንታት የሚጓዝ ጭነት ላይ ይህ ቢከሰት ጠቅላላው ጭነት ተቀባይ ሊያጣ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው የፍራፍሬ ልማት ዕቅድ በሄክታርና በኩንታል ብቻ መለካት እንደሌለበት ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለችግኝና ለማዳበሪያ የሚሰጡትን ትኩረት ለመሰብሰቢያ ጥላ፣ ለሣጥንና ለሚዛን ጭምር ሊሰጡ ይገባል። ገዢዎችም ያልተቀጠቀጠ ምርት ለሚያቀርብ አምራች የተሻለ ዋጋ ካልከፈሉ አርሶ አደሩ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይኖረውም። የፍተሻ ኬላ ላይ ለሰዓታት በፀሐይ የሚቆም የጭነት መኪናም የሚያጣው ጊዜ ብቻ ሳይሆን የጫነውን ምርት ዕድሜ ጭምር ነው። ከዚህ አንጻር በቶሎ የሚበላሽ ምርት ቅድሚያ አግኝቶ እንዲያልፍ ማድረግ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የአምራቹን ድካም ከብክነት የሚያድን አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው።