አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

ሰው በታመመ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል፤ ሰው በሞተበትም ጊዜ ለቅሶ የሚደርስለት ወዳጅ አያጣም። ነገር ግን የሌላውን ሕመም ሲያስታምም ለኖረው ሐኪምና ነርስ፥ ልቡ በቆሰለ ጊዜ «ይማርህ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

በላስታ አገር የደረሰው መከራ የሚረሳ አይደለም። የላሊበላ ከተማ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ተለቀቀች፤ ታኅሣሥ 3 ቀን ደግሞ ዳግመኛ ተይዛ በዚያው ወር ተመለሰች። በነዚያ ወራት መብራትና ስልክ ተቋርጦ፥ ባንክም ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። በትግራይም እንዲሁ ሆነ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ከጎበኛቸው 106 የጤና ተቋማት ከመቶው ወደ 70 የሚጠጉት ተዘርፈው መገኘታቸውን ገልጧል። መድኃኒት በሌለበት ቤት የሚቆም ሐኪም መከራው ድርብ ነው፤ ማዳኑን እያወቀ እጁ ባዶ በመሆኑ በሽተኛው ይሞትበታልና።

ከዚህ ዓይነት መከራ በኋላ አንዳንድ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ጠንክሮና አስተዋይ ሆኖ ይገኛል። ይህንን ነገር ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት መርምረው፥ በ1996 እ.ኤ.አ. 21 ዐረፍተ ነገር ያለበት መለኪያ አወጡለት። ለውጡንም በአምስት ከፈሉት፤ እርሱም ከሰው ጋራ በፍቅር መቀራረብ፥ አዲስ የሥራ መንገድ ማየት፥ የራስን ብርታት ማወቅ፥ የመንፈስ ሕይወት መታደስ፥ ኑሮንም ማክበር ነው።

ሆኖም ብርታቱን የሚሰጠው መከራው ራሱ አይደለም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ ያወጣቸው የጠራቢው ትዕግሥት እንጂ የድንጋይ ናዳ አይደለም። እንደዚሁም ሰው የሚያድገው፥ የደረሰበትን ነገር ቀስ እያለ ሲያስብ፥ ለሚያምነው ሰው ሲናገርና ትርጕም ሲፈልግለት ነው። ይህም ቢሆን ሕመሙ ከብርታቱ ጋራ አብሮ ይኖራል፤ የጠነከረ ሰው እንቅልፍ አያጣም ማለት አይደለም። ያላደገውም ሰው እንደ ደካማ ሊቈጠር አይገባውም።

ደግሞም «ከመከራ በኋላ» ለማለት መከራው ማለፍ አለበት። የፕሪቶርያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቶ ላስታንም ደረሰ። ቁስሉ ሳይጠግ ሌላ ቁስል የተጨመረበትን ሰው «መከራ ያጠነክርሃል» ማለት ማጽናናት ሳይሆን ሸክም መጨመር ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ሐኪም ወይም ነርስ ያላችሁ፥ እንዲናገር አታስገድዱት፤ በተናገረ ጊዜ ግን ቡናው ቢበርድም እስኪጨርስ ስሙት። «ተመስገን በል፥ አንተስ ተርፈሃል» ብላችሁ ቃሉን አታቋርጡበት። እንቅልፍ ማጣቱና ድንጋጤው ከሰነበተ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት፤ ይህ ነውር አይደለም። ሹማምንትም ብርታቱን ከማመስገን አስቀድሞ ዕረፍቱን፥ ደመወዙንና የመድኃኒት ቤቱን መሙላት ሊያስቡለት ይገባል። ምስጋና መልካም ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ግን አይሞላም።